የብርዕ ማኅደር፦ ለጽሕፈት ተማሪዎችና ለቆዳ ሙያተኞች የተደረገ ንግግር

ክቡራን አባቶችና መምህራን፣ ከጽሕፈት ጉባኤ የመጣችሁ ደቀ መዛሙርት፣ ከቆዳ ሥራ ማሠልጠኛ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች ሁሉ፤ እንደምን አደራችሁ? በብራና ላይ የሚጽፉ ሰዎችና ቆዳ የሚሰፉ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ለእኔ ትልቅ ደስታ ነው። ሁለቱም ሙያዎች የሚነሡት ከአንድ ፍየል ሌጦ ሆኖ ሳለ፣ ባለሙያዎቹ ግን በአገራችን አብረው የሚቀመጡበት ጊዜ ብዙ አልነበረም።

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ዕቃ ነው። ጸሐፊ ብርዑን፣ የቀለም ቀንዱን፣ ካራውንና ወስፌውን አንድ ላይ ይዞ የሚንቀሳቀስበት፣ በእጅ የተሰፋ የቆዳ መያዣ ነው፤ እኛ በሥራ ቤታችን «የብርዕ ማኅደር» እንለዋለን። ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር ይህ ነው፦ ይህን ዕቃ እንደሚገባ ሊሠራው የሚችለው መጽሐፍን ለዘመናት ሲጠብቅ የኖረውን የማኅደር፣ ማለትም የመጽሐፍ የቆዳ መያዣ፣ አሠራር ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያ አሠራር ደግሞ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሊተላለፍ የሚችለው ቆዳ ማልፋትና ቆዳ መስፋት የጽሕፈት ትምህርት አካል ተደርገው ሲቆጠሩ ነው። በመጀመሪያ መያዣው ስለሚሸከማቸው ዕቃዎች፣ በሁለተኛ ደረጃ ስለ ቆዳው፣ በሦስተኛ ደረጃ ስለ አሠራሩ እናገራለሁ። በመካከል ስለ ሠሪዎቹ ሳልናገር ማለፍ ስለማልችል ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

እንግዲህ ከሚሸከማቸው ዕቃዎች እንጀምር። ጸሐፊ ከአንድ ደብር ወደ ሌላ ደብር ሲሄድ ምን ይዞ ይሄዳል? ከመቃ ወይም ከሸምበቆ የተቀረጹ ብርዖች ይይዛል፤ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለቀይ፣ የቀሩትም ጫፋቸው ሲደክም የሚተኩ ናቸው። ብርዑን የሚቀርጽበት ስለታም ካራ ይይዛል። ብራናውን ወግቶ መሥመር የሚያወጣበት ወስፌ ይይዛል። ሁለት የቀለም ቀንዶችም ይይዛል፤ ጥቁሩ ከጥላሸትና ከተቃጠለ እህል ተዘጋጅቶ ብዙ ጊዜ ሲብላላ የቆየ ቀለም ነው፤ ቀዩ ደግሞ ቅዱሳት ስሞችና የምንባብ መጀመሪያዎች የሚጻፉበት ነው። በዚህ ላይ የተፋቀና የተጠቀለለ ንጹሕ ብራና ይጨመራል።

እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ላይ መጓዝ የማይስማማቸው መሆኑን ልብ በሉልኝ። ብርዕ ተሰባሪ ነው፤ ካራ ይቆርጣል፤ ወስፌ ይወጋል፤ ቀለም ይፈስሳል፤ ብራና ደግሞ እርጥበት አይወድም። አንዱ ሌላውን የሚያጠፋ ዕቃ በአንድ ትከሻ ላይ እንዴት ይጓዛል? የብርዕ ማኅደር ሥራ ከዚህ ጥያቄ ይነሣል።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1837 ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ ተጓዥ በግብፅ በረሃ፣ በዋዲ ናጥሩን በሚገኘው የሶርያውያን ገዳም በደረሰ ጊዜ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳትን አገኘ። የመነኮሳቱ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ የተደረደሩ አልነበሩም፤ በቆዳ ማኅደሮች ውስጥ ገብተው፣ በማንገቻቸው ከግድግዳው በወጡ ረጃጅም የእንጨት ችካሎች ላይ ተሰቅለው ነበር። ጸሐፊዎቹም የሚጽፉበት ጠረጴዛ አልነበራቸውም፤ ጉልበታቸውን ጠረጴዛ አድርገው ይጽፉ ነበር፤ የቀለም መያዣቸውም መሬት ላይ የተተከለ የላም ቀንድ ነበር። እነዚያ አባቶች ከአገራቸው እጅግ ርቀው፣ በአሸዋ መካከል ሆነው፣ የጽሕፈት ሥርዓታቸውን እንዳለ ይዘውት ነበር። ለምን ቻሉ? ሥራቸው በሙሉ በትከሻ ሊሸከሙት የሚችሉት ሥራ ስለነበረ ነው። የአገራችን ጸሐፊ የሥራ ቤቱን ይዞት ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚሸከምበት ቆዳ ከብርዑ ያልተናነሰ የሥራ መሣሪያው ነው።

ይህን ነገር በተግባር እንዳስበው ያደረገኝ አንድ የጽሕፈት ተማሪ ነው። ከመምህሩ ጉባኤ ተነሥቶ፣ ከፊሉን በእግሩ ከፊሉን በመኪና ተጉዞ ወደ ሥራ ቤቴ በመጣ ጊዜ ዕቃውን በሙሉ በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ፈትቶ ሲያሳየኝ ብርዖቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ በትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ የያዘው ቀይ ቀለም ፈስሶ ንጹሑን ብራና በክሎታል። ያን ብራና ወጥሮና ፍቆ ያዘጋጀው ራሱ ነበር። «ጋሼ፣ ማኅደር ይሰፋሉ ሲባል ሰምቼ ነው የመጣሁት፤ ለመጽሐፍ ሳይሆን ለዕቃዬ ይስፉልኝ» አለኝ። የልጁ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። መጽሐፉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የሚጠበቅበትን ቆዳ ስንሰፋ ኖረናል፤ መጽሐፉ ከመጻፉ በፊት ብርዑ የሚጠበቅበትን ግን ለተማሪው ትተንለት ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ቆዳው ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የዕቃው ጥሩነትም መጥፎነትም የሚወሰነው ወስፌ ከመነሣቱ በፊት፣ ቆዳው በሚመረጥበት ጊዜ ነው።

ከአንድ ፍየል ሌጦ ብራናም ይወጣል፣ የለፋ ቆዳም ይወጣል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ብራና አይለፋም። ሌጦው ይነከራል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ፀጉሩ ይፋቃል፣ እንደተወጠረ ይደርቃል፤ ንጣቱና ልስላሴው የሚገኘው ከመወጠሩና ከመፋቁ ነው። የዛፍ ቅርፊትም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ስላልገባበት ቀለም ይቀበላል፤ በዚያው ምክንያት ግን ውኃ ሲያገኘው ወደ ጥሬ ቆዳነቱ ሊመለስ ይፈልጋል፣ ይኮማተራል፣ ይጣመማል። የለፋ ቆዳ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከዕፅዋት የሚገኘው የማልፊያ ንጥረ ነገር በቆዳው ውስጥ ያሉትን ቃጫ መሰል ጭረቶች ያያይዛቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ቆዳው ቢረጥብም እንደ ጥሬ ሌጦ አይበሰብስም። ስለዚህ አንዱ የሚጻፍበት ሆነ፣ ሌላው የተጻፈበትን የሚጠብቅ ሆነ። የመጽሐፉ ገጽና የመጽሐፉ ማኅደር ከአንድ በረት ሊወጡ ይችላሉ ማለት ነው።

አባቶቻችን ቆዳ ሲያለፉ የሚጠቀሙበት ዕፅ እንደየአካባቢው ይለያያል። የቁልቋል ወተት ፀጉር ለማስለቀቅ፣ የእምቧይ ፍሬና የግራር ቅርፊት ለማልፋት፣ ቀንጠፍጣፋ የሚባለው እሾኻም ሐረግ ደግሞ ለማልፋትም ቀይ መልክ ለመስጠትም አገልግለዋል። ከዚያ በኋላ በእጅና በእግር ማሸት፣ ቅባት ማጠጣት፣ እንደገና ማሸት ነው። ይህ ሥራ ሳምንታትን ይጠይቃል፤ ጉልበትን ይጠይቃል፤ ሽታውንም መቻል ይጠይቃል።

ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የምናገኘው በዕፅ ሳይሆን ክሮም በሚባል የማዕድን ጨው የለፋ ቆዳ ነው። ይህን ስል ፋብሪካዎቻችንን ለመንቀፍ አይደለም፤ የባቲ ፍየልና የደጋ በግ ሌጦ በዓለም ገበያ ስም ያለው፣ በተለይም የደጋ በጋችን ቆዳ ለጓንት እጅግ የተመረጠ ነው። ነገር ግን ለጓንት የሚሆን ቆዳ ለማኅደር አይሆንም። በክሮም የለፋ ቆዳ ለስላሳና ተለጣጭ ስለሆነ ቅርጽ አይዝም፤ ብርዕ የሚሰብር ግፊት ሲመጣ አብሮ ይታጠፋል። በዕፅ የለፋ የከብት ቆዳ ግን ረጥቦ በእንጨት ቅርጽ ላይ ሲወጠርና ሲደርቅ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ተማሪዎች ሆይ፣ ነጋዴው «በዕፅ የለፋ ነው» ቢላችሁ በቃሉ ብቻ አትመኑ። የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቱ፤ መካከሉ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ከሄደ ክሮም ነው፤ ቡናማ ከሆነ በዕፅ የለፋ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ቀለም ባልተቀባው ገጽ ላይ የውኃ ጠብታ ጣሉበት፤ በዕፅ የለፋው ጠብታውን ይጠጣና ይጠቁራል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላችኋለሁ። በዕፅ የለፋ ቆዳና ብረት እርጥበት ሲያገናኛቸው አይዋደዱም። በቆዳው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል፤ ካራውም ይዝጋል። ስለዚህ ካራው በቀጥታ በቆዳው ውስጥ አይገባም፤ በእንጨት አፎት ገብቶ ነው የሚቀመጠው። ማያያዣ ካስፈለገም ከብረት ይልቅ ነሐስ ይመረጣል፤ ከሁሉ የተሻለው ግን ጠፍር ነው።

አሁን ስለ ሠሪዎቹ እናገራለሁ ያልሁት ጊዜ ደረሰ። አባቴ ቆዳ አልፊ ነበር። ስልቻና አቁማዳ ይሠራል፣ ለአልጋ ጠፍር ይቆርጣል፣ ለፈረስ ኮርቻ ያለብሳል፤ ካህናት ሲጠይቁት ደግሞ ለዳዊታቸው ማኅደር ይሰፋል። ፊደል አልቆጠረም። ይሁን እንጂ የመጽሐፉን ቁመትና ውፍረት በመዳፉ ለክቶ የሚሰፋው ማኅደር መጽሐፉን እንደ ልክ ልብስ ይይዘው ነበር። ያን ማኅደር ያነገቱ ሰዎች አባቴን በሠርግ ቤት ከሌላው ሰው ለይተው ያስቀምጡት ነበር። እኛን ልጆቹን በመንገድ ላይ «የፋቂ ልጆች» ይሉን ነበር። አባቴ ለዚህ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር።

እኔ ግን ዛሬ በእናንተ ፊት ልጠይቅ። በደረታችሁ ላይ የሚወርደውን የዳዊት ማኅደር ማን ሰፋው? የመጽሐፉን ገበታ፣ ማለትም የእንጨት ሽፋኑን፣ ያለበሰውን፣ በጋለ ብረት መስቀል የተቀረጸበትን ቀይ ቆዳ ማን አለፋው? በማኅሌት የሚመታውን ከበሮ ቆዳ ማን ወጠረው? እነዚህን እጆች ንቀን እነዚህን ዕቃዎች ማክበር እንዴት ይቻለናል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ሙያተኛን በሙያው መስደብ ከልክለው ነበር። በዚያ አዋጅ ብረት ሠሪውና ሸማኔው ብቻ አይደሉም የተነሡት፤ ጸሐፊውም ተነሥቷል፤ በጽሕፈቱ ምክንያት ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበርና። ጸሐፊና ቆዳ ሠራተኛ በአንድ ዓይነት ስድብ ሥር የኖሩ የሥራ ወንድማማቾች ናቸው። በዚህ አዳራሽ አብራችሁ ስትቀመጡ ማየቴ ለምን እንዳስደሰተኝ አሁን ይገባችኋል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ነጥቤ አሠራሩ ነው። ማኅደር ሦስት ነገሮች አሉት፤ አካሉ፣ ክዳኑና ማንገቻው። ብልሃቱ በሦስቱ ግንኙነት ላይ ነው። ማንገቻው በአካሉ ጎን በተሰፉ መያዣዎች ያልፍና በክዳኑም ጎን በኩል ይወጣል። ስለዚህ ክዳኑ ሲከፈት ማንገቻውን ተከትሎ ወደ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ከአካሉ አይለይም፤ አይወድቅም፣ አይጠፋም። ማኅደሩ በትከሻ ላይ ወይም በችካል ላይ እንዳለ ሊከፈት ይችላል። ሲዘጋ ደግሞ ክዳኑ በአካሉ አፍ ላይ ወርዶ ስለሚደርብ ዝናቡ በውጭ በኩል ይወርዳል። መሰቀሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከምስጥ፣ ከአይጥና ከመሬት እርጥበት መጽሐፉን የሚያድነው ይህ ነው። ቁልፍ የለውም፣ መቆለፊያ የለውም፣ የሚዝግ ነገር የለውም። በዘመናችን ስንት ቦርሳ ዚፑ ስለተበላሸ ብቻ ይጣላል? ማኅደር ግን ጠፍሩ ቢበጠስ ሌላ ጠፍር ይገባለታል፤ አካሉ እንዳለ ይቀጥላል።

ይህን አሠራር ለብርዕ ስናውል የጨመርናቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። አካሉ ጠባብና ረጅም ነው፤ ረጅሙ ብርዕ ቆሞ ገብቶ ጥቂት ክፍት ቦታ እንዲተርፈው አድርገን እንለካዋለን። ብርዖቹ ጫፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ይቆማሉ፤ ወደ ታች ከሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ ጫፉ ከሥሩ ጋር ይጋጫል። ከብርዖቹ አጠገብ በአንድ ግድግዳ የተለየ ጠባብ ክፍል አለ፤ ካራው በእንጨት አፎቱ፣ ወስፌው ደግሞ ጫፉ በሰም በተነከረ እንጨት ላይ ተሰክቶ በዚያ ይቀመጣሉ። ቀንዶቹ ወደ ውስጥ አይገቡም። በውጭ በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ ሥሩ ክፍት በሆነ የቆዳ ኪስ ውስጥ ይቆማሉ፤ የቀንዱ ሹል ጫፍ በክፍቱ በኩል ወደ ታች ይወጣል። ቀለሙ ምናልባት ቢያመልጥ ወደ መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ብርዑንና ብራናውን አያገኝም። የቀንዱ አፍ በቆዳ በተጠቀለለ የእንጨት ውታፍ ይዘጋል። ያ ተማሪ ወደ እኔ ባይመጣ ኖሮ ቀንዱን ከውጭ ማድረግ እንደሚገባ ላስብ አልችልም ነበር፤ የበከለውን ብራና ካየሁ በኋላ ግን ሌላ መፍትሔ አልታየኝም።

ለአካሉ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ የከብት ቆዳ እንወስዳለን፤ ከጀርባው በኩል የሚቆረጠው ከሆዱ በኩል ከሚቆረጠው ይሻላል፣ የሆዱ ቆዳ ይለጠጣልና። ቆዳው በውኃ ይረጥብና በእንጨት ቅርጹ ላይ ተወጥሮ ይሰፋል። ስፌቱ በአንድ ክርና በሁለት መርፌ ነው፤ ሁለቱ መርፌዎች በአንድ ቀዳዳ ከግራና ከቀኝ ያልፋሉ። ይህ ስፌት ከመኪና ስፌት የሚለይበት ነገር ትልቅ ነው። በመኪና ስፌት አንዱ ክር ከተበጠሰ ተያይዞ ሊፈታ ይችላል፤ በእጅ በተሰፋው ግን አንዱ ጎን ቢበላ የሌላው ጎን ክር ይዞ ይቆያል። ክሩ በንብ ሰም ይታሻል፤ ወስፌው የሚወጋው ቀዳዳም ክሩ ተጨናንቆ የሚያልፍበት ያህል ብቻ ይሁን። ቆዳው ሲደርቅ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፣ ክሩንም ይይዘዋል። ክዳኑ ደግሞ የሚወጠረው በደረቀው አካል ላይ፣ በመካከላቸው ስስ ጨርቅ ገብቶ ነው፤ ያ ጨርቅ ሲወጣ የሚተርፈው ክፍተት ክዳኑ ሳይላላና ሳይጣበቅ እንዲንሸራተት ያደርገዋል።

አያያዙን በአጭሩ ልናገር። ከእሳትና ከቀጥተኛ ፀሐይ ይራቅ። ቢረጥብ በጥላ ይድረቅ። ቅባት በዓመት ጥቂት ጊዜ፣ በጨርቅ፣ በስሱ ይበቃዋል፤ ከመጠን በላይ የተቀባ ቆዳ ይለሰልስና ቅርጹን ይለቅቃል፣ ቅባቱም ወደ ብራናው ይሻገራል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ አታስቀምጡት፤ የክረምት እርጥበት በውስጡ ታፍኖ ይሻግታል።

አባቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። በየዕቃ ቤታችሁ የተቀደዱ፣ መጽሐፋቸው የጠፋ ወይም የተለየ ባዶ ማኅደሮች እንዳሉ አውቃለሁ። እባካችሁ አይጣሉ፣ አይቃጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ብዙ የብራና መጻሕፍት ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮም በአገራችን የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ይህ ሁሉ ለጽሑፉ ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን ገጹን ያነሣ ፎቶግራፍ የማኅደሩን ስፌት አያስተምርም። የስፌቱ አቅጣጫ፣ የቀዳዳው ርቀት፣ ጠፍሩ የሚያልፍበት መንገድ የሚታወቀው ዕቃው በእጅ ሲያዝና ሲገለበጥ ነው። እኔ ከአባቴ ያልተማርሁትን የክዳን አሠራር የተማርሁት አንድ መነኩሴ አባት ከሰጡኝ፣ ጎኑ ከተተረተረ አሮጌ ማኅደር ነው። ለእናንተ የተቀደደ የሆነው ለእነዚህ ወጣቶች መምህር ሊሆን ይችላል።

ለጽሕፈት መምህራን ደግሞ የማቀርበው ሐሳብ አለ። ተማሪው ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ ይማራል። በዚህ ላይ ቆዳ መምረጥንና በሁለት መርፌ መስፋትን ጨምሩለት። ሁሉም ማኅደር ሰፊ ይሁን አልልም፤ የተበጠሰ ማንገቻ ራሱ እንዲጠግን፣ ሲያሠራም ጥሩውን ከመጥፎው እንዲለይ ነው። እናንተም የቆዳ ሥራ ሠልጣኞች ወደ ጽሕፈት ጉባኤ ሂዱ፤ ጸሐፊ ሲጽፍ አጠገቡ ተቀመጡ፤ የትኛውን ዕቃ በየትኛው እጁ እንደሚያነሣ፣ ቀንዱን የት እንደሚተክል፣ ብርዑን ስንት ጊዜ እንደሚቀርጽ ተመልከቱ። ለማያውቁት ሰው እጅ የሚሠራ ሰፊ ኪሱን በተሳሳተ ቦታ ያደርገዋል።

በዚህ በቀኝ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት የብርዕ ማኅደሮች፣ የእንጨት ቅርጾቹና የተቆረጡ የቆዳ ናሙናዎች አሉ። አንሥታችሁ እዩ፤ ክፈቱ፣ ዝጉ፣ ጠርዙን መርምሩ፤ ከሩቅ እንድታዩት አይደለም ያመጣሁት። የጽሕፈት ተማሪዎች ብርዖቻችሁንና ቀንዶቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ በጥሪው ተነግሯችሁ ነበር፤ ከሻይ በኋላ ከቆዳ ሠልጣኞቹ ጋር ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ቁመታቸውንና ውፍረታቸውን ለኩ፤ ልኩንም በወረቀት ላይ ጻፉ። ከሰዓት በኋላ ከማንገቻው ጠፍር እንጀምራለን፤ እርሱ ረጅሙ ቁራጭ ስለሆነ ከጀርባው ቆዳ አስቀድሞ መውጣት አለበት። ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ።